ውለታ ዜጋ ያደርጋልን?



በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ርዕሰ መምህሩ የሚጽፈው ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ሰዓት ማክበር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለ ሰዓት ማክበር ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ስለምናገር ዘንድሮ ልለፈው። የምጽፈው አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን ስላነሣችው ጥያቄ ነው። በጊዜው በቂ መልስ አልሰጠኋትም፤ ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሥነ ዜጋ መምህራችን ታመው ክፍለ ጊዜውን እኔ ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት ዜግነት የሚገኝባቸው መንገዶች ነበር። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤ ልጆቹ በደብተራቸው እያራገቡ ያዳምጡኛል። ይህች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፓሪስ ውስጥ ፎቅ በእጁ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ሕፃን ያዳነው ልጅ ዜግነት ተሰጠው አይደል? እኔ እዚሁ ፔልቲየር ሆስፒታል ነው የተወለድኩት። ምን ባደርግ ነው የጅቡቲ ዜጋ የምሆነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከኋላ «አንቺም ፎቅ ውጪ!» አላት። እኔ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪ ሁኚ፤ ሁሉም በጊዜው ይደርሳል» ብዬ አለፍኳት። መምህር ሲቸግረው የሚሰጠው መልስ እንዲህ ያለው ነው። ልጅቱ ግን አብራ አልሳቀችም።

በክፍል ውስጥ ዜግነትን ስንተረጉም አንድን ሰው ከአንድ መንግሥት ጋር የሚያስተሳስር፣ መብትና ግዴታም የሚያስከትል የሕግ ማሰሪያ ነው እንላለን። ጅቡቲ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ትርጉም መጽሐፍ ሳይነግራቸው ያውቁታል። የአባት የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን ሲቀርብ ቤት ውስጥ የሚወራውን ወሬ ሰምተዋል።

ማሰሪያው የሚታሰረው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው በትውልድ፣ ሁለተኛው በሕግ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት እናቱ ወይም አባቱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። የትም ይወለድ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በባልባላ፣ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ጠያቂያችን ኢትዮጵያዊት የሆነችው ምንም ሳትሠራ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ዜግነታቸውን በአንድ ነገር ያገኙት ይመስላቸው ነበርና። በዚህ ሀገርም ቢሆን ዜግነት በመሠረቱ ከወላጅ የሚወረስ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ በሆስፒታሉ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም፤ የውጭ ሰው ዜግነት የሚያገኘው አመልክቶ መንግሥት ሲፈቅድለት ነው።

እዚህ ላይ የልጅቱ ጥያቄ ይጀምራል። ሰው በሥራው፣ ለአንድ ሀገር በዋለው ውለታ ዜጋ ሊሆን ይችላልን?

ነገሩ ከሕጉ ይቀድማል። በ4ኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ አካባቢ በመርከብ ሲሄዱ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተማርከው አክሱም ቤተ መንግሥት የገቡት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ታሪካቸውን ታውቃላችሁ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ቢለቀቁም ንግሥቲቱ ሕፃኑ አልጋ ወራሽ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው። በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ከእስክንድርያ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም መጣ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። ዛሬ ማንም ኢትዮጵያዊ ስለ እርሱ ሲናገር «የውጭ ሰው» አይልም። ምንም ወረቀት አልነበረውም።

የሁለተኛው ሰው ታሪክ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ፔሮ ዳ ኮቪልሃ የሚባል ፖርቱጋላዊ በ1487 ከንጉሡ ተልኮ የሕንድን መንገድና የክርስቲያኑን ንጉሥ አገር ሲያፈላልግ፣ በ1490ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ደረሰ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ሰጡት፤ ሚስት አገባ፤ ልጆች ወለደ። አንድ ነገር ብቻ ተከለከለ፤ መመለስ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ እዚያው አገኙት። ቋንቋውንም የቤተ መንግሥቱንም ነገር ያውቅ ስለነበር በጣም ጠቀማቸው። ጠቃሚነቱ እንደ አጥር ሆነበት ማለት ነው። ልጆች ይህን ስነግራቸው «ይሄማ የግዴታ ዜግነት ነው» ይላሉ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

በተቃራኒው ብዙ ሠርተው ዜጋ ሳይሆኑ የሄዱም አሉ። ከከተማችን ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን ባቡር ከሐሳቡ ጀምሮ የገፋው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 መጥቶ ለምኒልክ አማካሪ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ፤ በመጨረሻ ግን ሀገሩ ተመልሶ በ1916 ዙሪክ ላይ ሞተ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሀገር የሌለው ሰው ለሌላ ሀገር የብሔራዊ መዝሙር ዜማ መድረሱ እስካሁን ይገርመኛል።

ወደ ሕጉ እንግባ። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ አንድ የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ሲፈልግ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ 5 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ራሱንና ቤተሰቡን ማስተዳደር የሚችል፣ አማርኛን አሳምሮ የሚናገርና የሚጽፍ፣ ከዚህም ቀደም በወንጀል ያልተቀጣ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ መስከረም 25 ቀን 1926 ዓ.ም. አንድ ማሟያ ወጣ። አመልካቹ ለሀገሪቱ የሚጠቅም ሆኖ ከታየ፣ ወይም ሌላ ልዩ ምክንያት ከተገኘ፣ የ5 ዓመቱ ኑሮና የአማርኛው ዕውቀት ባይሟሉም መንግሥት ዜግነት ሊሰጠው ይችላል የሚል ነው። ጊዜውን አስቡት። መንግሥት ከስዊድን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከቤልጂግና ከአሜሪካ አማካሪዎችን፣ ሐኪሞችንና የጦር አሠልጣኞችን የሚያስመጣበት፣ የጣሊያን ወረራ ደመና የሚያንዣብብበት ዘመን ነው። «5 ዓመት ቆይተህ አማርኛ ጽፈህ ና» ለማለት ጊዜ አልነበረም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ወጣ። በአንቀጽ 5 ኢትዮጵያዊ መሆን የሚፈልግ የውጭ ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ ለ4 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ከብሔር ብሔረሰቦቹ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ መልካም ጠባይ ያለው፣ በወንጀል ያልተቀጣ፣ የቀድሞ ዜግነቱን የለቀቀ ወይም ሊለቅ የሚችል መሆን አለበት፤ ቃለ መሐላም ይፈጽማል። ከዚያ አንቀጽ 8 ይመጣል። ለኢትዮጵያ የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ ሰው ከእነዚህ መስፈርቶች ሁለቱን ባያሟላም ዜግነት ሊሰጠው ይችላል ይላል። የትኞቹን ሁለት? የኑሮውን ዘመንና ቋንቋውን።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆሙ። በ1926 የተነሡት ሁለት መስፈርቶች በ70 ዓመት ልዩነት በ1996 የተነሡት እነርሱው ናቸው። በመካከል ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ሄደ፤ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፤ «አማርኛ» የሚለው ቃል «ከቋንቋዎቹ አንዱ» ሆነ። የውለታው በር ግን በዚያው ስፋት ቆየ። በዚህ በር የሚገባም ቢሆን ጠባዩ ይታያል፤ ገቢው ይጠየቃል፤ የድሮ ዜግነቱን መልቀቅ አለበት፤ ይምላል። በሌላ አነጋገር ውለታ የሚያሳጥረው ጊዜን ነው፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል። ደግሞም አዋጁ «ሊሰጠው ይችላል» ነው የሚለው፤ «ይሰጠዋል» አይልም። አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው «መብቴ ነው» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል አይደለም። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ይችላል» የሚለውን ረዳት ግሥ እየዘለላችሁ ለምታነቡ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሁን ፎቅ ወደ ወጣው ወጣት እንምጣ። ማሙዱ ጋሳማ የማሊ ተወላጅ ነው፤ በፈረንሳይ ያለ ወረቀት ይኖር ነበር። ሜይ 26 ቀን 2018 በፓሪስ 18ኛ ቀበሌ አንድ የ4 ዓመት ሕፃን ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ከበረንዳ ወደ በረንዳ እየዘለለ ወጥቶ አዳነው። ቪዲዮውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። በሁለተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ማክሮን ተቀበሉት፤ በመስከረም ወር ዜጋ ሆነ። ከእርሱ በፊት ደግሞ ሌላ ማሊያዊ አለ፤ ላሳና ባቲሊ። በጃንዋሪ 2015 ታጣቂ የአይሁድ የምግብ መደብር ሲወርር እዚያ ይሠራ የነበረው ይህ ሙስሊም ወጣት ደንበኞቹን በምድር ቤቱ ማቀዝቀዣ ክፍል ደበቃቸው፤ እርሱ በዕቃ ማንሻ ወጥቶ ለፖሊስ ስለ ውስጡ አስረዳ። ጉዳዩ የተፈጸመው ጃንዋሪ 9 ነው፤ ዜግነት የተሰጠው ጃንዋሪ 20። የዜግነት ማመልከቻውን ግን ባለፈው ዓመት በ2014 አስገብቶ ነበር። ይህን ብዙ ሰው አያነሣውም። ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ነው ጀግና የሆነው።

ጋሳማ የገባው በልዩ በር ነው። የፈረንሳይ ሕግ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው በመደበኛው 5 ዓመት መኖርን ይጠይቃል፤ ለሀገሪቱ ልዩ አገልግሎት ለሰጠ ሰው ይህ ጊዜ ይቀርለታል። ከእኛ ሕግ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እዩ። በከተማችን የኖሩ ወላጆች ደግሞ ሌላ በር ያስታውሱ ይሆናል። የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን 13ኛ ግማሽ ብርጌድ ከ1962 እስከ 2011 እዚሁ ጅቡቲ ሰፍሮ ነበር። ሌጌዎኑ ከመላው ዓለም የመጡ ሰዎች የሚቀጠሩበት ጦር ነው። በ1999 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ሕግ በውጊያ ላይ የቆሰለ የሌጌዎን ወታደር በጥያቄው ፈረንሳዊ እንዲሆን ይፈቅዳል። እነርሱ «በፈሰሰ ደም ፈረንሳዊ» ይሉታል።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ከኮሮና በኋላ የሆነው ነው። በ2020 የፈረንሳይ መንግሥት በወረርሽኙ ወቅት በግንባር የሠሩ የውጭ ሰዎች ዜግነታቸው በፍጥነት እንዲታይ አዘዘ። ለእነርሱ 5 ዓመቱ ወደ 2 ወረደ። በዓመቱ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ዜጋ ሆኑ። እነማን ናቸው ብትሉ ነርሶች ብቻ አይደሉም፤ የጽዳት ሠራተኞች፣ ሕፃናት ጠባቂዎች፣ የሱቅ ገንዘብ ተቀባዮችም ናቸው። ማንም ቪዲዮ አልቀረጻቸውም። ይህን አንቀጽ ስጽፍ ፔካ 12 ላይ በከባድ መኪና ጎማ ሥር ጥላ ይዘው የሚያርፉ ሾፌሮች፣ በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ እናቶቻችን ትዝ አሉኝ። እቀጥላለሁ።

በእኛ በኩል በዘመናችን ስሟ ከዚህ ነገር ጋር የሚነሣው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናት። አውስትራሊያዊት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበረች። ከባለቤቷ ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የ3 ዓመት ውል ፈረሙ። 3 ዓመቱ አልፎ ቀሩ። ምክንያቱ ፌስቱላ ነው። በረጅምና በከባድ ምጥ ሳቢያ የምትጎዳ እናት ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ባሏ ይተዋታል፤ ጎረቤት ይሸሻታል፤ በአንድ ጓዳ ትገለላለች። ባልና ሚስቱ በቀዶ ጥገና ማዳን ጀመሩ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተጨመሩ፤ ለእኛ የሚቀርበው የሐረሩ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ባለቤቷ በ1993 ሲሞት እርሷ ቀጠለች። ከታካሚዎቿ አንዷ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳትማር አጠገቧ እየቆመች ተምራ ራሷ ፌስቱላ ቀዳጅ ሆነች። የክፍል ደረጃ ብቻ ዕውቀትን ይለካል ብለን ለምናምን መምህራን ይህ የሚያስደነግጥ ዜና ነው።

ካትሪን ሃምሊን የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት የተሰጣት በ2012 ነው። ከመጣች በ53 ዓመቷ መሆኑ ነው። በማርች 2020 በ96 ዓመቷ በአዲስ አበባ ቤቷ አረፈች።

«የክብር ዜግነት» የሚለውን አስምሩበት። በአዋጁ አንቀጽ 8 ከሚሰጠው ዜግነት የተለየ ነገር ነው። በአንቀጽ 8 የሚገባ ሰው የድሮ ዜግነቱን ይለቃል፤ ይምላል፤ ሙሉ ዜጋ ይሆናል። የክብር ዜግነት ግን ሀገር ለባለ ውለታዋ የምታቀርበው ምስጋና ነው፤ ሰውዬው የነበረውን አያጣም። አሜሪካ ይህን ክብር በታሪኳ በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ሰጥታለች፤ የመጀመሪያው በ1963 ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ካናዳ በ2001 ለኔልሰን ማንዴላ ሰጠች። በ2007 የሰጠቻትን ኦንግ ሳን ሱ ቺን ግን በ2018 ነጥቃለች፤ ስለ ሮሂንጋ ሕዝብ ዝም አለች ተብላ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይታያል። የተወለደበትን ዜግነት ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ እንዳይነጠቅ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 33 ይከላከላል፤ ክብር ግን ሰጪው ሊያነሣው የሚችል ነገር ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በጣሊያን ወረራ ዘመን በጋዜጣዋ ለኢትዮጵያ ስትጮህ ኖራ፣ በመጨረሻ ዘመኗ አዲስ አበባ መጥታ በ1960 ስትሞት በመንግሥት ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ተቀበረች። ንጉሠ ነገሥቱ የክብር ኢትዮጵያዊት አሏት። ያን መቃብር የሚያነሣው የለም።

ሁሉም ውለታ ግን ወረቀት አያገኝም። በ1948 ንጉሠ ነገሥቱ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ በዓለም ዙሪያ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎችም ደሴቶች የመጡ ሰዎች ሰፈሩበት፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ወለዱ። የውለታው ምልክት መሬት ነበር፤ ዜግነት አልተከተለውም። መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከል ያለው ወደ 70 ዓመት ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ውለታን በገንዘብ የሚተምኑ አሉ። ማልታ የገንዘብ መዋዕለ ንዋይ ላደረጉ ሀብታሞች ዜግነት ስትሰጥ የሕጉን ስም «ልዩ አገልግሎት» ብላ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ዜግነት የሚሸጥ ዕቃ አይደለም በሚል መንፈስ አሠራሩ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚህ በላይ አልሄድበትም፤ ከእኛ ወላጆች ይህ የሚያሳስበው ያለ አይመስለኝም።

ይልቅ በቅርብ የሚነካን የሩጫው ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ለሌላ ሀገር የሮጡ ብዙ ናቸው። ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን በ1500 ሜትር በ2007 ኦሳካ፣ በ2009 በርሊን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በለንደን 2012 ያገኘችው ነሐስ የቀደሟት በአበረታች መድኃኒት ሲሰረዙ በኋላ ወርቅ ሆነላት። ሲፋን ሐሰን ግን ሌላ ታሪክ ናት። በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድ ገብታ፣ እዚያው አድጋ፣ በ2013 ዜጋ ሆናለች። ሁለቱን በአንድ ከረጢት የሚከቱ ሰዎች ሳይ እናደዳለሁ፤ አንዷን ሀገር ፈልጓት ጠራት፤ ሌላዋ ሀገር ፈልጋ ደረሰች። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በፌብሩዋሪ 2017 የዜግነት ዝውውርን አገደ፤ በጁላይ 2018 አዲስ ደንብ አወጣ። ሯጩ 3 ዓመት ይጠብቃል፤ 20 ዓመት ሳይሞላው አይዛወርም፤ ከአንድ ጊዜ በላይም አይዛወርም፤ ተቀባይዋ ሀገር ሙሉ ዜግነት መስጠቷ መረጋገጥ አለበት። ማኅበሩ ይህን ያደረገው ልጆች እንደ ሸቀጥ ሲጓዙ አይቶ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ ስታዲየም ላይ ባንዲራ ሲቀይር እቤት ያለውን እየለቀቀ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ የአንድ ሯጭ ተማሪያችን አባት ቢሮዬ መጣ። ሾፌር ነው፤ ሌሊቱን ከገላፊ ሲነዳ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ አንድ ደላላ ልጁን ወደ ባሕረ ሰላጤው ሊወስደው ነው። ዜግነት ይሰጡታል ተባለ፤ ደመወዝም አለው። ዕድሜው 20 ነው የሚል የትምህርት ቤት ወረቀት ብቻ ነው የጎደለን» አለኝ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ የልደቱን ቀን መዝገባችን ላይ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን እንደማልጽፍ ነገርኩት። ደንቡን ላስረዳው ሞከርኩ፤ የዝውውሩን 3 ዓመት፣ የዕድሜውን ገደብ፣ ልጁ ቢጎዳ ወይም ሰዓቱ ቢወርድ ምን እንደሚሆን። አባትየው እስክጨርስ ጠበቀኝና «እርስዎ ልጅዎን የሚያሳድጉበት ደመወዝ አለዎት» ብሎ ወጣ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ አሁንም ይማራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትጠነክር በባሕሩ ዳር መንገድ ሲሮጥ አየዋለሁ። ደላላው ሌላ ቦታ ወረቀት አላገኘም ብዬ ግን መማል አልችልም።

ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው የ7ኛ ክፍሏን ልጅ አስጠራኋት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ባጭሩ ነገርኳት። ደብተር ይዛ መጥታ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ትጽፋለች። ስጨርስ የጻፈችውን ቁልቁል አየችና፣ «ካትሪን ሃምሊን 53 ዓመት። ጋሳማ ግማሽ ደቂቃ» አለች። ልክ ነሽ አልኳት። ከዚያ «አባቴ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም 19 ዓመቱ ነው። እሱስ የት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሕጉ «የላቀ» ወይም «ልዩ» ሲል የእርሱን ዓይነት ሥራ እንደማያስብ፣ ፈረንሳይ ግን አንድ ጊዜ በወረርሽኝ ዓመት እንዳሰበች ነገርኳት። ይህንንም ጻፈችው። «እና መልሱ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ለሥነ ዜጋ መምህሩ አስተላልፌያለሁ፤ መስከረም ላይ የ8ኛ ክፍል የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ወላጆች መቀመጫ ስላለ መጥታችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ።